ሥራውና ገንዘቡ አንድ ታሪክ እንዲናገሩ፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ምርምሮችን ሪፖርት ወጥ የማድረጊያ መመሪያ

የአንድ ፕሮጀክት ሁለት ሪፖርቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የክንውን ሪፖርቱ «የመስክ መረጃ ማሰባሰቡ ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል» ይላል። የፋይናንስ ሪፖርቱ ደግሞ ለመስክ ሥራ ከተያዘው በጀት የወጣው ሲሶው ብቻ ነው ይላል። ገምጋሚው ግራ ይገባዋል። ሥራው ተጋኖ ነው የቀረበው? ወይስ በጀቱ ሲጀመር ተለጥጦ ነበር? ስልክ ይደወላል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቀጣዩ ክፍያ ይያዛል። ነገሩ ሲጣራ ግን ማንም አልዋሸም። ተመራማሪው እስከ ጻፈበት ቀን ድረስ ያለውን ሥራ ነው የዘገበው። ሂሳብ ክፍሉ ሂሳቡን የዘጋው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ለመስክ ሠራተኞቹ በቅድሚያ የተሰጠው ውሎ አበልም ገና አልተወራረደም።

እንዲህ ያለው ነገር ምርምር በሚደግፍ ተቋም ሁሉ ይደጋገማል። ብዙ ሰው ሪፖርትን ወጥ ማድረግ ሲባል የሚታየው አንድ አዲስ ቅጽ ነው። ቅጹ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቃላቱ፣ ቀኖቹና መለያ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ አዲሱ ቅጽ የድሮውን ግራ መጋባት በአዲስ ሠንጠረዥ ያቀርባል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቅጹ የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው። መመሪያው በዋናነት የሚረዳው ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ሪፖርት የምትቀበሉትን ነው። የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ ውስጥ ያላችሁም ከ2ኛውና ከ7ኛው ደረጃ ብዙ የምትወስዱት አለ።

1. በሥራ ላይ ያሉትን ቅጾች በሙሉ አንድ ቦታ አምጡ

የሩብ ዓመቱን፣ የዓመቱን፣ የመዝጊያውን፣ እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ ያወጣውን ሰብስቡ። በኢሜይል «እባካችሁ ይህችን ሠንጠረዥ ቶሎ ሙሉልን» ተብለው የሚላኩትንም አትርሱ። እነዚህ ከዝርዝር ውስጥ ይዘነጋሉ፤ ተመራማሪውን ይበልጥ የሚያንገላቱት ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ መስመር ጻፉና ከጎኑ ሦስት ነገር ሙሉ። መልሱን የሚያነበው ማን ነው? መልሱን አይቶ ምን ይወስናል? ጥያቄውን የሚያስገድድ ሕግ ወይም መመሪያ አለ? ለሦስቱም መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ይውጣ። «አንድ ቀን ሊያስፈልግ ይችላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲያስፈልግ ያኔ ይጠየቃል። ውላችሁ ላይ ያለ መረጃም ዳግም አይጠየቅ። የፕሮጀክቱ ርዕስ፣ የጸደቀው በጀት፣ የውሉ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን በእጃችሁ ነው። ተመራማሪው በየሩብ ዓመቱ ሲገለብጠው ፊደል ይሳሳታል፣ ቁጥር ይዘላል፤ እናንተም በኋላ የትኛው ትክክል እንደሆነ ስታጣሩ ትውላላችሁ።

2. ቃላቱ ላይ ተስማሙ

ጊዜያችሁን በደንብ የምታጠፉበት ቦታ እዚህ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ የቃላት መፍቻ አይበቃም፤ መቶ ገጽ የሆነም ማንም አያነበውም። ሃያ ወይም ሠላሳ ቃል መርጣችሁ እያንዳንዱን በማያሻማ ዓረፍተ ነገር ፍቱ፤ ከሥሩም አንድ ምሳሌ አስቀምጡ።

ከሁሉ በፊት «ወጪ» የሚለው ቃል ይፈታ። አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ታዘዘ፣ በሦስተኛው ገባ፣ ክፍያው በአራተኛው ተፈጸመ እንበል። ወጪው የየትኛው ሩብ ዓመት ነው? አንዱ ተቋም ትዕዛዙን ሲፈርም ይመዘግባል። ሌላው ዕቃው ሲገባ። ሦስተኛው ቼኩ ሲወጣ። ሦስቱም ቅጻችሁ ላይ «ወጪ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ቁጥር ይጽፋሉ፤ እናንተም ትደምሩታላችሁ። ድምሩ ምንም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ሳጥኑን በሦስት መክፈል ነው። የመጀመሪያው የተፈጸመ ወጪ ነው፤ ዕቃው ገብቷል ወይም አገልግሎቱ ተሰጥቷል፣ ክፍያው ቢፈጸምም ባይፈጸምም። ሁለተኛው ግዴታ የተገባበት ነው፤ ውል ተፈርሟል ወይም ትዕዛዝ ወጥቷል፣ ዕቃው ግን አልገባም። ሦስተኛው በእርግጥ የተከፈለ ጥሬ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚጠቀምበት ኤስኤፍ-425 የተባለው የፋይናንስ ሪፖርት ቅጽ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የገንዘቡን ሁኔታና የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴውን ለየብቻ ይጠይቁ የነበሩትን ኤስኤፍ-269 እና ኤስኤፍ-272 የተባሉ ቅጾች ወደ አንድ አጠቃሎ፣ የጸደቀውን ገንዘብ፣ የተፈጸመውን ወጪ፣ ገና ያልተወራረደውን ግዴታ እና ግዴታ ያልተገባበትን ቀሪ በየመስመሩ ለይቶ ይጠይቃል። ሂሳቡ የሚያዘው በጥሬ ገንዘብ ይሁን በተፈጸመ ወጪ መሠረት የሚለየው ሳጥንም እዚያው አለ።

ቅድሚያ ክፍያም የራሱ ፍቺ ይኑረው። ለአጋር ተቋም የተላለፈ ወይም ለሠራተኛ በእጁ የተሰጠ ገንዘብ እስኪወራረድ ድረስ ወጪ አይደለም። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ሪፖርቱ ላይ ገንዘቡ «ወጥቷል»፣ አጋር ተቋሙ ባንክ ውስጥ ግን ሙሉው ተቀምጧል።

ወደ ክንውኑ ስትሻገሩ ደግሞ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ያዙት። ለጥናቱ 400 ቃለ መጠይቅ ታቅዶ 400ው ቢደረግ፣ ግን መረጃው ወደ ኮምፒውተር ባይገባ ተጠናቋል? እንደኔ ከሆነ አንድ ተግባር ተጠናቀቀ የሚባለው ቀጣዩ ተግባር ሊጀመርበት የሚችል ነገር ሲኖር ነው፤ የጸዳ የመረጃ ፋይል፣ የጸደቀ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ሥራ የጀመረ መሣሪያ። መቶኛ ከመጠየቅም ተቆጠቡ። «75 በመቶ ተከናውኗል» የሚል መልስ ከምን ተነሥቶ እንደተሰላ ጸሐፊው ራሱ ሁልጊዜ ማስረዳት አይችልም። በዚህ ፈንታ አራት ሁኔታ ይበቃል፦ አልተጀመረም፣ በሂደት ላይ፣ ተጠናቋል፣ ተሰርዟል።

ኅትመትም እንዲሁ። ለጆርናል የተላከ፣ ተቀባይነት ያገኘ፣ የወጣ፤ ሦስቱ ለየብቻ ይቆጠሩ። አለዚያ አንድ ጽሑፍ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ እንደ አዲስ ውጤት ሲቆጠር ታገኙታላችሁ። «የፕሮጀክቱ ተሳታፊ» ማን እንደሆነም ይለይ። የአሜሪካ የምርምር ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች በዓመት ቢያንስ አንድ የሰው ወር፣ ማለትም ወደ 160 ሰዓት የሠራ ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። እናንተ ሌላ ቁጥር ልትመርጡ ትችላላችሁ፤ ዋናው አንድ ቁጥር መኖሩ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የድጋፍ ገንዘብ ሪፖርትን የሚመለከት ሕግ ስታወጣ ያተኮረችው ተቀባዮች የሚልኩት እያንዳንዱ መረጃ የጋራ ስያሜና ፍቺ እንዲኖረው ነበር። ቃሉ አንድ ከሆነ ቅጹ ቢለያይ እንኳ መረጃው ይገጣጠማል።

3. ለሁሉም ነገር አንድ መለያ ቁጥር ስጡ

አንድ ፕሮጀክት አንድ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ ውሉ ላይ፣ የክንውን ሪፖርቱ ላይ፣ የፋይናንስ ሪፖርቱ ላይ እና በተቋሙ የሂሳብ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ። መዝገቡ ላይ ካልገባ ሂሳብ ክፍሉ በራሱ ኮድ ይሠራል፤ ሪፖርት ሲደርስ ደግሞ በእጅ ይፈልጋል።

ለተመራማሪ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፤ ተመራማሪው ተቋም ቢቀይር ወይም ስሙን በተለያየ ፊደል ቢጽፍ አብሮት ይሄዳል። ለኅትመትና ለመረጃ ስብስብ ዲ.ኦ.አይ. የተባለው ቋሚ ዲጂታል መለያ ይበቃል። ቀን በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ የቀን አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነም ቅጹ ላይ በግልጽ ይታተም።

4. የሂሳብ መዝጊያውንና የማስረከቢያውን ቀን ለዩ

መግቢያው ላይ ያየነው ግጭት የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ቀኖች አሉ። አንዱ ሪፖርቱ እስከ የት ድረስ ያለውን ነገር እንደሚሸፍን የሚናገረው የመዝጊያ ቀን ነው። ሌላው ሪፖርቱ እጃችሁ የሚገባበት ነው። የመዝጊያ ቀኑ ለክንውኑም ለፋይናንሱም አንድ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የተሠራ ሥራ የቱንም ያህል የሚያስደስት ቢሆን ለቀጣዩ ሪፖርት ይቆይ።

ማስረከቢያው ላይ ግን የሂሳብ ክፍሉን እውነታ አክብሩ። ባንክ ማስታረቅ፣ ደረሰኝ መሰብሰብ፣ የአጋር ተቋማትን ሂሳብ መቀበል ጊዜ ይወስዳል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለሩብ ዓመትና ለግማሽ ዓመት የፋይናንስ ሪፖርት 30 ቀን፣ ለዓመታዊው 90 ቀን፣ ለመዝጊያው 120 ቀን ይሰጣል። የመዝጊያው ቀድሞ 90 ነበር፤ የኋላ ኋላ ነው የተራዘመው። ሆራይዘን ዩሮፕ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ ፕሮግራም በበኩሉ የቴክኒኩንም የፋይናንሱንም ክፍል አንድ ላይ፣ የሪፖርት ጊዜው ባለቀ በ60 ቀን ውስጥ ይቀበላል። እኔ የሁለተኛውን አካሄድ እመርጣለሁ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አብረው ይነበባሉ።

ድግግሞሹን በተመለከተ ሁሉንም ፕሮጀክት በየሩብ ዓመቱ ማስጨነቅ አያስፈልግም። አነስተኛ ገንዘብ ለያዘና ታሪኩ ንጹሕ ለሆነ በዓመት አንዴ ይበቃል። ትልቅ ገንዘብ፣ ብዙ አጋር ወይም ያልተወራረደ ሂሳብ ያለበት በየስድስት ወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ይጠየቅ። መስፈርቱ ግን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ አለዚያ አድልዎ ይመስላል።

5. የክንውኑን ቅጽ አሳጥሩ

አሁን ወደ ቅጹ መጣን። ከዜሮ መጀመር አይጠበቅባችሁም። የአሜሪካ የምርምር ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅጽ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 አር.ፒ.ፒ.አር. የተባለ ወጥ የክንውን ሪፖርት አሠራር ወጣላቸው። ለሁሉም ግዴታ የሆኑት የሽፋን ገጹና የተከናወነው ሥራ ብቻ ናቸው። ውጤቶች፣ ተሳታፊዎች፣ ፋይዳ፣ ለውጦችና ችግሮች፣ የበጀት መረጃ የሚሉትን ክፍሎች እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት እንደ ሥራው ጠባይ ይመርጣል። አንድ ክፍል ከመረጠ ግን ጥያቄዎቹ በሁሉም ዘንድ ያው ናቸው። ይህ አደረጃጀት ብልህነት አለበት። የጤና ምርምርና የምህንድስና ምርምር አንድ ዓይነት ዝርዝር እንዲሞሉ ሳይገደዱ የጋራው ክፍል የጋራ ሆኖ ይቆያል።

የሥራውን ክፍል በውሉ ላይ ባለው የተግባር ዝርዝር አሠልፉት። ለእያንዳንዱ ተግባር ምን ታቅዶ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ማስረጃው የት ነው። የቃላት ገደብም አስቀምጡ፤ ለአንድ ተግባር 150 ቃል በቂ ነው። ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል ቅጹ ራሱ ያሳይ። ለምሳሌ «በዚህ ሩብ ዓመት በርካታ አበረታች ተግባራት ተከናውነዋል» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። «ከታቀዱት 12 ጣቢያዎች በ9ኙ የአፈር ናሙና ተወስዷል። 3ቱ በጎርፍ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ አልተደረሰም። እስከ ቀጣዩ ሩብ ዓመት አጋማሽ ይወሰዳል። የናሙና መዝገቡ አባሪ 2 ላይ ነው» የሚለው ግን ገምጋሚውን ስልክ ከመደወል ያድነዋል።

ከክፍሎቹ ሁሉ ትልቁን ክብር «ምን ተለወጠ?» ለሚለው ስጡ። ምርምር ነው፤ ይለወጣል። መላምቱ ላይሠራ ይችላል፣ ዋናው ባለሙያ ሊለቅ ይችላል፣ መሣሪያው ሊዘገይ ይችላል። ተመራማሪው ይህን በግልጽ ሲጽፍ የሚደርስበት ቅጣት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀዋል፤ የምታውቁትም ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይሆናል። መመሪያችሁ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ በወቅቱ የተገለጸ ለውጥ በራሱ ክፍያ አያስይዝም፤ ሳይገለጽ የተገኘ ለውጥ ግን ያስይዛል።

6. የፋይናንሱ ቅጽ ስሌቱን ራሱ ይሥራ

የበጀት አርዕስቶቹ ከስምንት ባይበልጡ ጥሩ ነው፦ ደመወዝና ጥቅማጥቅም፣ ጉዞና ውሎ አበል፣ ቋሚ ንብረት፣ አላቂ ዕቃ፣ የአገልግሎት ግዢ፣ ለአጋር ተቋማት፣ ሌላ ቀጥተኛ ወጪ፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ። ለእያንዳንዱ አርዕስት የጸደቀው በጀት፣ የዚህ ጊዜ ወጪ፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ የተከማቸው ወጪ፣ ግዴታ የተገባበት እና ነፃ ቀሪ ይታይ። በጀት ከተሻሻለ የተሻሻለው በሌላ ዓምድ ይግባ እንጂ የመጀመሪያው አይሰረዝ።

በቁጥር እንየው። ለአንድ ፕሮጀክት የጸደቀው 1,200,000 ነው። እስካሁን የተፈጸመው ወጪ 640,000 ነው። ታዝዘው ያልገቡ ዕቃዎች 150,000 ያህል ግዴታ አስይዘዋል። ነፃው ቀሪ 410,000 ነው። ግዴታውን የማይጠይቅ ቅጽ ግን 560,000 ቀሪ ያሳያል፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊም 150,000ውን ሁለተኛ ጊዜ ያቅድበታል። በሌላ በኩል እናንተ እስካሁን 800,000 ልካችኋል። ከተፈጸመው ወጪ 30,000 ገና አልተከፈለም፤ በጥሬ የወጣው 610,000 ነው። ስለዚህ ባንክ ውስጥ 190,000 መኖር አለበት። የባንክ መግለጫው 190,000 ካላሳየ ልዩነቱ በአንድ መስመር ይብራራ። እነዚህ አምስትና ስድስት ቁጥሮች ተገጣጥመው ከቀረቡ ገምጋሚው ደረሰኝ ሳይገልጥ እንኳ የፕሮጀክቱን ጤንነት ያያል።

ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ላይ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ በማይቆጠረው እንደ መብራትና አስተዳደር ባለው የተቋሙ የጋራ ወጪ ላይ፣ ጭቅጭቅ ይበዛል፤ ምክንያቱም መቶኛው ከየትኛው ድምር ላይ እንደሚሰላ አይጻፍም። ቀጥተኛው ወጪ 500,000 ቢሆንና ከዚያ ውስጥ 100,000 የመሣሪያ ግዢ ቢሆን፣ 15 በመቶው ከሙሉው ሲሰላ 75,000፣ መሣሪያው ተቀንሶ ሲሰላ 60,000 ይመጣል። የአሜሪካ ደንብ መሠረቱን ሲያሰላ መሣሪያን ያስወጣል፤ ከእያንዳንዱ አጋር ተቋም ጋር ከተገባ ውልም ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን አይቆጥርም። ከመንግሥት ጋር የተደራደረበት የራሱ ተመን የሌለው ተቋም የሚጠቀምበት መቶኛም እዚያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከ10 ወደ 15 ከፍ ብሏል። የእናንተ ቀመር የፈለገውን ይሁን፤ ቅጹ ውስጥ ይግባና ሳጥኑ ይቆለፍ።

የበጀት ዝውውርንም ገደብ እዚሁ ወስኑ። ከአንዱ አርዕስት ወደ ሌላው እስከ ምን ያህል ያለ ፈቃድ ይዛወራል? 10 በመቶ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ከዚያ በታች ማብራሪያ ብቻ፣ ከዚያ በላይ የቅድሚያ ፈቃድ።

7. ክንውኑንና ፋይናንሱን በተግባር ኮድ አገናኙ

ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ይህ ከቀረ የመጀመሪያው ችግር አይፈታም። የበጀት አርዕስት ገንዘቡ ምን ላይ እንደወጣ ይናገራል፤ ለየትኛው ሥራ እንደወጣ ግን አይናገርም። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም ፕሮጀክቱን ከአራት እስከ ስድስት ባሉ ተግባራት ክፈሉትና ለእያንዳንዱ ኮድ ስጡ። ሃያ ኮድ ካወጣችሁ ማንም በትክክል አይመዘግብም።

ሂሳብ ሠራተኛው የክፍያ ማዘዣ ሲያዘጋጅ ከበጀት አርዕስቱ ጎን የተግባር ኮዱን ይጽፋል። ማዘዣውን የሚጠይቀው ተመራማሪ ስለሆነ ኮዱን መሙላት ያለበት እሱ ነው፤ ሂሳብ ክፍሉ ገምቶ አይጻፍ። ደመወዝ ለብዙ ተግባር የሚከፋፈል ከሆነ በሥራ ሰዓት መዝገብ መሠረት ይከፈል። የዩኒቨርሲቲው የሂሳብ መደብ ከእናንተ አርዕስት ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ የትኛው መደብ ወደ የትኛው አርዕስት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ የማገናኛ ሠንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ይዘጋጅና በሁለቱም ወገን ይፈረምበት። በየሪፖርቱ እንደገና መተርጎም ይቀራል።

ከዚያ አንድ ገጽ ብቻ ያለው የጋራ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። በግራ ተግባሩና ሁኔታው፣ በቀኝ የተያዘለት በጀትና የወጣው ወጪ። ሁለት ዓይነት መስመር በቀይ ይምጣ። አንደኛው ተግባሩ «ተጠናቋል» ተብሎ ከበጀቱ ከግማሽ በታች የወጣበት። ሁለተኛው «አልተጀመረም» ተብሎ ወጪ የተመዘገበበት። ቀይ መሆኑ ጥፋት ማለት አይደለም። ዕቃው በርካሽ ተገኝቶ ይሆናል፤ መሣሪያው ቀድሞ ተገዝቶ ይሆናል። ከጎኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ያስፈልገዋል ማለት ብቻ ነው።

ይህን ገጽ ዋና ተመራማሪውና ሂሳብ ሠራተኛው አብረው ተቀምጠው ይሙሉት፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። በተግባር ሲታይ በብዙ ተቋም ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው። አንድ ሰዓት አብሮ መቀመጥ ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

8. ሞክሩት

በሦስት ዓይነት ተቋም ሞክሩ፦ ጠንካራ የሂሳብ ክፍል ያለው ትልቅ ተቋም፣ አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ብቻ ያለው ትንሽ ተቋም፣ እና ብዙ አጋሮች ያሉት ፕሮጀክት። ባለፈው የሪፖርት ጊዜ መረጃ አዲሱን ቅጽ እንዲሞሉ አድርጉ። አጠገባቸው ተቀመጡ። «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለው የጠየቁባትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ቃሉ ያልተፈታው እዚያ ነው። ለመሙላት የፈጀባቸውን ሰዓትም ከድሮው ጋር አወዳድሩ። ከጨመረ ቅጹ ገና አልበቃም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዲጂታል ተጠያቂነትና ግልጽነት ሕጓ ወጥ ሪፖርት የተቀባዮችን ሸክም ይቀንስ እንደሆነ በሙከራ ፕሮግራም እንዲታይ አዝዞ ነበር።

9. ሲስተም ለመግዛት አትቸኩሉ

በመጀመሪያው ዓመት የተቆለፉ ሳጥኖች ያሉት የኤክሴል ፋይል ይበቃል። ድምሩን ራሱ ይሠራል፣ የበጀት አርዕስቱን ከዝርዝር ያስመርጣል፣ ያልተገጣጠመ ቁጥር ሲገባ ያስጠነቅቃል። የፋይሉ ስም የፕሮጀክት ቁጥሩን፣ የመዝጊያ ቀኑንና የቅጹን እትም ይያዝ። ሲስተም ሲገዛ ወይም ሲሠራ ደግሞ ያለፈው ሪፖርት የተከማቸ ወጪ ወደ አዲሱ ራሱ እንዲሻገር ጠይቁ። በእጅ ሲሻገር ነው ብዙው ስሕተት የሚገባው።

10. እናንተም ቀነ ገደብ ይኑራችሁ

ሪፖርት አቅራቢው በ60 ቀን አስረክብ ከተባለ ገምጋሚውም በስንት ቀን እንደሚመልስ ይጻፍ። ሆራይዘን ዩሮፕ ሪፖርቱ በደረሰው በ90 ቀን ውስጥ ክፍያ የመፈጸም ግዴታ አለበት። መልሳችሁ ከሦስቱ አንዱ ይሁን፦ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ከአስተያየት ጋር ተቀባይነት አግኝቷል፤ እንዲስተካከል ተመልሷል። ሲመለስ የሚስተካከለው ነገር በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነገር። ዛሬ አንድ፣ በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ መላክ ተቋሙን ያሰለቻል፤ ሥራችሁም አያልቅም።

ገምጋሚዎቹ ራሳቸውም ወጥ መሆን አለባቸው። አንድ ሪፖርት ለሁለት ገምጋሚ ስጡና መልሳቸውን አነጻጽሩ። ከተለያየ የማረጋገጫ ዝርዝሩ ይስተካከል።

11. በሂደት ላይ ያሉ ፕሮጀክቶችን በጥንቃቄ አሻግሩ

የሪፖርት ጊዜ አጋማሽ ላይ ቅጽ አትቀይሩ። አዲሱ ቅጽ በአዲስ የሪፖርት ጊዜ ይጀምር፤ የድሮው የተከማቸ ወጪ በአንድ የመክፈቻ መስመር ይሻገር፤ መስመሩንም ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙበት። ሊያልቁ ስድስት ወር የቀራቸው ፕሮጀክቶች በጀመሩበት ቅጽ ይጨርሱ።

ሥልጠናው ለተመራማሪ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሂሳብ ሠራተኞችን አብራችሁ ጥሩ። ማስረጃ የማቆያ ጊዜም በመመሪያው ይገለጽ። የአሜሪካ ደንብ በመሠረቱ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ 3 ዓመት ነው፤ ኦዲት ወይም ክርክር ከተጀመረ ግን እስኪያልቅ ይቆያል። የእናንተ ሕግ የሚለውን አይታችሁ ጻፉ።

በመጨረሻ ለቃላት መፍቻው አንድ ኃላፊ መድቡለት። ለውጥ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ በታወቀ ቀን፣ ተቋማቱ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ተነግሯቸው ይሁን። የተለወጠው ቃል፣ የድሮው ፍቺና አዲሱ ፍቺ ጎን ለጎን በአንድ የለውጥ መዝገብ ይቀመጥ። ከአምስት ዓመት በኋላ የዘንድሮውን ሪፖርት የሚከፍት ኦዲተር «ወጪ» የሚለው ያኔ ምን ማለት እንደነበር ከዚያ ያገኘዋል።